ዝናቡ በዓል ያከብራል

እኔ ቶሎ የምግል ሰው ነኝ። እናቴ ራህመት «አንቺ ሳትጣጂ ትፈያለሽ» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። በ2005 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ኮምፒውተሬ «ከ1999 ወዲህ በሮቢት ከባድ ዝናብ የሚጥልባቸው ቀናት በእጥፍ ጨምረዋል» የሚል ውጤት ሲያወጣልኝ፣ ቆቦ በተከራየነው ቤት ውስጥ ብድግ ብዬ እልልታዬን አቀለጥኩት። የቤቱ ባለቤት «ማን ወለደ?» እያሉ መጡ። «እኔ!» አልኳቸውና አቅፌ ሳምኳቸው።

ደስታዬ ያለ ምክንያት አልነበረም። የምማርበት የሁለተኛ ዲግሪ ፕሮግራም የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠና ሆኖ ሕጉ ለየት ይላል። ከሦስት ትምህርት ክፍሎች የመጡ ሦስት ተማሪዎች ተጣምረው አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጽፋሉ። ሲያልፉ አብረው ያልፋሉ፣ ሲወድቁም አብረው ይወድቃሉ። እኔ ከፊዚክስ ነው የመጣሁት፣ ድርሻዬ ዝናቡ ነው። ይሁኔ የውሃ መሐንዲስ ነው፣ የእሱ ድርሻ ጎርፉ። አስረሳሽ ደግሞ ከሶሲዮሎጂ የመጣች የላስታ ልጅ ናት፤ የእሷ ድርሻ ሰዉ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ስድስት ወር ሙሉ ሥራ ፈት ትመስለኝ ነበር። እኔ ከቁጥር ጋር ስታገል እሷ በየሰው ቤት ሻይ ትጠጣለች፣ ለቅሶ ትደርሳለች፣ ማታ ደብተሯን ሞልታ ትመጣለች። «ዛሬስ ስንት ብርጭቆ መረጃ ሰበሰብሽ?» እያልኩ አበሽቃት ነበር።

የፕሮግራሙ ኃላፊ ዶክተር ረዲ የሚያጠብቀው ሌላም ሕግ አለ። ማንኛውም ጥናት ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ከመቅረቡ በፊት ጥናቱ የተደረገበት አገር ላይ፣ በባለቤቶቹ ፊት፣ ፈታኞቹ ባሉበት ይቀርባል። የእኛ ቀን ቅዳሜ ነበር፣ ቦታው የሮቢት ገበሬዎች ማሠልጠኛ አዳራሽ። ካለፍን ሐምሌ ላይ ቆብ ደፍተን እንመረቃለን። እናቴ በትውልድ ከተማዬ ጎብዬ ለምርቃቱ ሙክት ገዝታ አስራለች።

የእኔ ቁጥር ደግሞ የእኔ ብቻ አልነበረም። ራያ ቆላ ላይ እርሻ በራሱ ዝናብ ብቻ አይኖርም። ከላይ ከተራራው ጎርፍ ሲወርድ ገበሬው በድንጋይና በእንጨት ጠለፋ ሠርቶ ወደ ቦይ ያስገባዋል፣ ከዚያ ማሳውን በተራ ያጠጣል። ይሁኔ የእኔን «እጥፍ» ይዞ የጠለፋው አፍ በእጥፍ መስፋት አለበት ብሎ ሥዕሉን ጨርሷል። ያ ሥዕል ተቀባይነት ካገኘ ሁለት መቶ አባወራ አሮጌውን ጠለፋ አፍርሶ አዲስ ሊሠራ ነው።

ሐሙስ ዕለት ከቀትር በኋላ ሦስታችን በረንዳው ላይ ተቀምጠናል። ሙቀቱ ሰው ያዞራል፤ ባጃጆቹ እንኳ ጥላ ፍለጋ ገብተዋል። አስረሳሽ ካላንደር ከግድግዳ ነቅላ መጣች።

«ሀናን፣ ከባድ ዝናብ የጣለባቸውን ሃያ ሦስት ቀኖች በኛ አቆጣጠር ልገልብጣቸው» አለች። «ቅዳሜ ገበሬውን ‹ኦገስት ሃያ እንዴት ነበር?› ብዬ ልጠይቀው ነው እንዴ?»

«እንደ ፈለግሽ» አልኳት፤ ሐሳቤ የስላይዶቼ ቀለም ላይ ነበር።

እየጮኸች መገልበጥ ጀመረች። «ጁላይ ሃያ፣ ሐምሌ 13። ጁላይ ሃያ ሰባት፣ ሐምሌ 20። ኦገስት ሃያ፣ ነሐሴ 14። ኦገስት ሃያ ሦስት፣ ነሐሴ 17። ሌላ ኦገስት ሃያ፣ አሁንም ነሐሴ 14። እንደገና ነሐሴ 14...» ድምፅዋ እየቀነሰ መጣ። ከዚያ እስክርቢቶዋን ጣለች።

«ምን ሆንሽ?» አላት ይሁኔ።

«ሐምሌ 12 ሚካኤል ነው። 19 ገብርኤል። ነሐሴ 12 ሚካኤል፣ 13 ቡሄ፣ 16 ኪዳነምሕረት። ሁሉም የበዓል ማግስት ነው!» ወደ እኔ ዞረች፤ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። «ከተረፉትም ብዙዎቹ ሰኞ ናቸው። ሀናን፣ ዝናብሽ በዓል ያከብራል እኮ!»

ካላንደሩን ነጠቅኳት። ከሃያ ሦስቱ አሥራ ዘጠኙ የበዓል ወይም የሰንበት ማግስት ነበሩ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ግን ጎብዬ ተወልጄ ቡሄ መቼ እንደሚውል ላላውቅ? ከጎረቤት የሚላክልንን ሙልሙል እየበላሁ ነው ያደግሁት። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የፈረንጅ ቀን ነው ጉድ የሠራኝ። ኦገስት ሃያን ስድስት ወር አየሁት፣ አንድም ቀን የቡሄ ማግስት አልመሰለኝም። ደንግጫለሁ፤ ቢሆንም ከድንጋጤው ሥር የሆነ ነገር ሲንተከተክ ይሰማኝ ነበር። ዝናብ በዓል አያውቅም። የሚያውቀው ለኪው ነው።

«ተነሡ፣ ሮቢት!» አልኩ።

በሚኒባስ ሄድን። በሮቢት ዝናብ የሚለካው አቶ ሞላ የሚባል ገበሬ ነው፤ መለኪያው ጓሮው ውስጥ በአጥር ተከቦ ተተክሏል። ከእሱ በፊት የትምህርት ቤቱ መምህር ሸረፈዲን ነበሩ አሥራ ሦስት ዓመት የለኩት። እሳቸው ሲሞቱ በ1999 ሥራው ወደ ሞላ ዞረ። በመንገድ ላይ ይህን ሳስታውስ ጭንቅላቴን በእጄ ያዝኩ። ዝናቡ ተለወጠ ያልኩበት ዓመት ለኪው የተለወጠበት ዓመት ነው።

ሞላ ስንመጣ ደስ አለው። ከአልጋው ሥር ሳጥን ጎትቶ በየወሩ የሞላቸውን ቅጾች የካርቦን ግልባጭ አወጣ። አንድም አልጎደለም፣ አንድም አልተጨማደደም። የ2001 ነሐሴን ገጽ ገለጥኩ። 12 ላይ ሰረዝ። 13 ላይ ሰረዝ። 14 ላይ ሃምሳ አንድ ነጥብ ሦስት።

«ጋሼ ሞላ፣ ይህ ሰረዝ ምንድን ነው?»

«በዓል ነዋ» አለ፣ እንዴት ይህ ይጠየቃል በሚል ፊት።

«በበዓል አይለኩም?»

«ልጄ፣ ለዚህ ነገር በየወሩ አበል ይሰጠኛል አይደል? አበል ያለው ነገር ሥራ ነው። ሥራ ደግሞ በሚካኤል አልሠራም።»

«ውሃውስ?» አለ ይሁኔ።

«ውሃው የት ይሄዳል? እዚያው ቆርቆሮው ውስጥ ይቆየኛል። በነጋታው ለክቼ እጽፋለሁ። ከእግዜር ውሃ አንዲት ጠብታ አላጎደልሁም።»

«ታዲያ ለምን ዜሮ አልጻፉም?» አለች አስረሳሽ።

ሞላ ተቆጣ። «ሳልለካ ዜሮ? ዜሮ ማለት አይቼ ምንም አጣሁ ማለት አይደል? ኸረ እኔ በሚካኤል ቀን ውሸት አልጽፍም!»

እዚያው ሳጥኑ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ሰውዬው ያየውን ጽፏል፣ ያላየውን አልጻፈም። ከመንደሩ ወጥቶ ቅጹ ኮምፒውተር ቤት ሲደርስ የሆነ ሰው ለሰረዝ ቦታ አጥቶ ዜሮ አድርጎታል። እኔ ደግሞ ወረቀቱን አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቅ፣ የሁለትና የሦስት ቀን ዝናብ ተደምሮ የመጣበትን የአንድ ቀን ዝናብ ብዬ እልልታዬን አቅልጬ ነበር።

ወደ ቆቦ ስንመለስ ተጣላን። እኔ «እስከ ቅዳሜ ዝም እንበል፤ እንለፍና በኋላ እናስተካክለዋለን» አልኩ። ያልኩትን አልክድም። አስረሳሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ይሁኔ ግን ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ እስኪዞር ጮኸብኝ። «አንቺ ቆብ ደፍተሽ ትሄጃለሽ፤ እነዚህ ሰዎች ግን በእኔ ሥዕል ጠለፋቸውን ያፈርሳሉ! አፉ በባዶ ሜዳ ከሰፋ ትንሹ ጎርፍ ተበትኖ ይቀራል፣ ማሳ አይደርስም!» እኔም ጮህኩ። ረዳቱ «ኸረ በነቢ፣ ሂሳብ ብቻ ሰብስቤ ልውረድ» አለ። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሳንነጋገር ዋልን፤ ስላይዴንም አልነካሁትም።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ከፊት ዶክተር ረዲ፣ ከጎኑ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ ዶክተር አላምረው ተቀምጠዋል። አላምረው ኮታቸውን በዚያ ሙቀት እስከ ላይ የቆለፉ ሰው ናቸው፤ ስማቸውን የሰማ ተማሪ ሁሉ ይፈራቸዋል። በሌላው በኩል ገበሬዎቹ፣ ከፊታቸው የውሃ አባቱ ሼህ እንድሪስ። ተራ የሚያወጡትም የሚያስከብሩትም እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው ጎን ሞላ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ቅጾቹን በላስቲክ ጠቅልሎ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። ማንም አምጣ አላለውም። እንደሚጠየቅ ገምቶ ነው የመጣው።

ተነሣሁ። የመጀመሪያው ስላይድ ላይ ቀይ መስመር ሽቅብ ይወጣል፤ ከሥሩ «በእጥፍ» ይላል። አፌን ስከፍት ሞላን አየሁት። ያልሰማው ነገር እንዳያመልጠው አንገቱን አስግጎ ነበር። እሱ በሚካኤል ቀን ያልጻፈውን ውሸት እኔ በቅዳሜ ቀን፣ እሱ ፊት ልናገር ነው። ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ።

«ይህ መስመር ስህተት ነው» አልኩ።

 ነገርኳቸው፤ ሰረዙን፣ ዜሮውን፣ የፈረንጁን ቀን፣ ሁሉንም። «ጥፋቱ የጋሼ ሞላ አይደለም፤ እሳቸው በትክክል ጽፈዋል። ወረቀቱን ሳላይ ቁጥሩን ያመንኩት እኔ ነኝ። ይሁኔም ሥዕሉን የሠራው እኔን አምኖ ነው። ጠለፋችሁን እንዳታፈርሱ።»

ዶክተር አላምረው መነጽራቸውን አወለቁ። «ስለዚህ ከባድ ዝናብ ጨምሯል ወይስ አልጨመረም?»

«አላውቅም።»

«ዝናቡ በየትኛው ቀን እንደጣለስ ታውቂያለሽ?»

«በበዓላቱ ዙሪያ ያለውን አላውቅም። ተደምሮ ነው የተለካው። የሚለያይበት መንገድ የለም።»

«እንግዲያው ምን ይዛችሁ መጣችሁ?»

 ልቀመጥ ስል ከኋላ አንዲት ሴት እጇን አወጣች። ኡሙልኸይር ትባላለች፤ ማሳዋ ከቦዩ ጭራ ላይ ነው፣ ቤቷ ከሞላ ቤት ጋር አጥር ይጋራል።

«ልጄ፣ የጠፋብሽ የትኛው ቀን ነው?» አለችኝ።

«ብዙ ነው እትዬ። ለምሳሌ የ2001 ነሐሴ፣ ከሚካኤል እስከ ቡሄ ማግስት። ሃምሳ አንድ ሚሊ ሜትር ነው፣ በየትኛው ቀን እንደጣለ አይታወቅም።»

«እንዴት አይታወቅም? እሱ ጎርፍ የኔ ነው!»

ሰው ሳቀ። እሷ ግን ቆመች። «የሳቀ ይሳቅ። ተራው የኔ ነበር። የሚካኤል ለት አሥር ሰዓት ላይ መጣ። ጎረቤቶቼ በዓል ላይ ናቸው፣ ጠለፋውን የሚያግዘኝ ሰው አጣሁ። ወላሂ፣ የዚችን የልጄን የኢቅራን ታናሽ አርግዤ ድንጋይ ተሸክሜያለሁ! ይረሳል?»

«ዝናቡስ?» ብሎ ይሁኔ ከመቀመጫው ዘለለ። «ጎርፉ የተራራው ዝናብ ነው። እዚህ ሮቢት ላይስ ጥሎ ነበር?»

«በላዬ ላይ ነው የወረደው። ልብሴን ጨምቄ ነው የገባሁት። በማግስቱ በቡሄ ፀሐይ ነበር፤ ያንኑ ልብስ አጥር ላይ አሰጣሁት።»

ሼህ እንድሪስ በዱላቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። «ልክ ናት። ከሷ ቀጥሎ ተራው የአሚና ነበር። የአሚና ጎርፍ እስከ ኪዳነምሕረት አልመጣም። ስታማርረኝ ነበር።»

አስረሳሽ ክንዴን ጨመቀችው፤ ጥፍሯ ገባ። «ሀናን! እዚህ አገር ጎርፍ ሁሉ ባለቤት አለው። በተራ ስለሚያጠጡ እያንዳንዱ የመጣበትን ቀን አይረሳም!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር አልችልም። እኔ ከጋሼ ሞላ ላስቲክ ሰረዝ ያለባቸውን ቅጾች እያወጣሁ ቀኑን እጠራለሁ፤ «የ2000 ሐምሌ ገብርኤል!» አንዱ ተነሥቶ «እሱ ጎርፍ አልነበረም፣ ሁለት ቀን ካፊያ ነው፤ ተራዬን ስጠብቅ ደርቄ ቀረሁ» ይላል። ሌላው «የለም፣ ማታ ላይ ጥሏል» ብሎ ይቃወማል፤ ሚስቱ ታስተካክለዋለች። ክርስቲያኑ በታቦት ቀን ይቆጥራል፣ ሙስሊሙ በጁምዓና በገበያ ቀን፤ አስረሳሽ ካላንደሩን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ይሁኔ የራሱን ሥዕል ገልብጦ ጀርባው ላይ ሰንጠረዥ ያሰምራል። ሞላ በመሃል ቆሞ «እሱን እኔም አስታውሳለሁ፣ ቆርቆሮው እስከ አፉ ነበር!» እያለ ይጮሃል።

«ቆይ፣ ቆይ!» የሚል ድምፅ ሰማን። ዶክተር አላምረው ናቸው። ፈተናው አበቃ ሊሉ መሰለኝ። «በአንድ ሰው ቃል ብቻ አትጻፉ። የማይዛመዱ ሁለት ምስክሮች ሲስማሙ ብቻ።» ኮታቸውን አወለቁ፣ ወንበራቸው ላይ ጣሉት። «ወረቀት ስጡኝ። ምስክሮቹን እኔ እመዘግባለሁ።»

እስከ ከሰዓት በኋላው የአሱር ሰላት ድረስ ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ አራቱን ለየን። ስድስቱ እውነተኛ ከባድ ዝናብ፣ ስምንቱ የሁለትና የሦስት ቀን ካፊያ ድምር። አምስቱ ላይ ስምምነት ጠፋ፤ እነሱን በሰረዝ ተውናቸው።

ዶክተር ረዲና ዶክተር አላምረው ውጭ ጥላ ሥር ቆመው ተነጋገሩና ጠሩን። «ዘንድሮ አትመረቁም» አለ ረዲ። «ያመጣችሁት ጽሑፍ ወድቋል። ዛሬ የጀመራችሁት ግን...» አላምረው አላስጨረሱትም። «ሃያ ዓመት ሳስተምር ሦስት ባለሙያዎች ለየብቻቸው ሊሠሩት የማይችሉት ጥናት ሲባል እሰማለሁ፤ ሳየው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ዓመት ውሰዱ። የቦዩን ተራ በሙሉ፣ የሞላን ቅጽ በሙሉ፣ ጎን ለጎን። አማካሪ ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ።»

እናቴ ጋ ደወልኩ። «እማዬ፣ ወደቅሁ!» ብዬ በሳቅ ፈነዳሁ።

«ያ ረቢ፣ ፀሐይ መታሽ እንዴ?» አለች። «ሙክቱስ?»

«ለከርሞ ይቀለባል!» ይሁኔ ከጎኔ «ይወፍራል!» ብሎ ጮኸላት። አስረሳሽን አቅፌ ስለ ብርጭቆዎቹ ይቅርታ ጠየቅኋት። «እንግዲህ ከነገ ጀምሮ አንቺም ትጠጫለሽ» አለችኝ።

ሰዎቹ ሊበተኑ ሲሉ ሞላ አንድ ነገር አስጨንቆት እንደቆመ አየሁ። ቅጾቹን ወደ ላስቲኩ መልሶ ደረቱ ላይ ይዟቸዋል። «ልጄ፣ እንግዲህ በበዓሌ ልለካ ነው? ሃይማኖቴን ልተው?» አለኝ።  በሳይንስም በሌላም ይህን ሰው በሚካኤል ቀን ሥራ ግባ የምልበት አንደበት አልነበረኝም።

ኡሙልኸይር ከኋላው መጣች። «ምን ያስጨንቅሃል? በበዓልህ እኔ እለካልሃለሁ። በዒድ አንተ ትለካለህ።»

«ፊደሉን ትችያለሽ?»

«ኢቅራ ታነብልኛለች። ካላወቅሁ አሳየኝ።»

ሞላ አሰበ። «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። አምስት ደቂቃ አሳልፈሽ እንዳትመጪ። ሸብረክ ብለሽ፣ ውሃውን ከዓይንሽ ትክክል አድርገሽ ነው የምታነቢው።»

«አንተ ጠለፋ ላይ ተራህን አሳልፈህ ስትመጣ ነው ሰዓት የምትነግረኝ?» አለችው፤ እየተጨቃጨቁ ወጡ።

ሐምሌ 12 ጁምዓ ዋለ፤ ረመዳን ነበር። እኔ ቆቦ በዚያችው በረንዳ ላይ ጾሜን ተቀምጫለሁ። የዕድሜ እኩዮቼ በዚያ ሳምንት ቆብ ደፍተው ፎቶ እየተነሡ ነው። ሌሊቱን በሮቢት በኩል ሲያጉረመርም አድሯልና ከንጋት ጀምሮ ስልኬን ይዤዋለሁ። ሦስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ጮኸ።

«ሀናን ልጄ» አለች ኡሙልኸይር፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «እንዳልሳሳት ሦስት ጊዜ ለካሁት። ሞላ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በአጥሩ ላይ ሆኖ ‹ከዓይንሽ ትክክል! ከዓይንሽ ትክክል!› እያለ ጆሮዬን አደነቆረኝ። ጻፊ። አሥራ ስምንት ነጥብ አራት።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ባዶ በነበረው የሚካኤል መስመር ላይ 18.4 ብዬ ጻፍኩ።  ከዚያ እልልታዬን አቀለጥኩት፤ የቤቱ ባለቤት ደግሞ ማን እንደወለደ ለማየት ብቅ አሉ።